ከሾላው ወዲህ

እህቴ የማትገባበት ቤት ደጅ ላይ አትቆምም። ይህን አባባሏን በስብሰባ ስትናገረው ሰምቻለሁ፤ በጽሕፈት መኪናም መትቼላታለሁ። ሲጨበጨብለት ያምራል። ወንድማችን ሴት በማትገባበት ደሴት ላይ ታሞ በተኛ ጊዜ ግን ይኸው አባባል መንገዱ ላይ ተጋደመብኝ።

ወሬውን ያመጣልኝ ጀልባ ነጂው ነው። ለገዳሙ እህልና ጋዝ የሚያመላልስ፣ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ግን ደግ የሆነ ጎልማሳ ነው። አንድ ጠዋት ደወለልኝ።

«እማማ፣ አባ ደክመዋል።»

«ምን ያህል?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ትናንት እህሉን ሳወርድ አልተከራከሩኝም።»

ይህ በቂ ነበር። ወንድሜ ስለ እህል አጫጫን ከዚህ ሰው ጋር ሳይከራከር የዋለበትን ቀን አላውቅም።

«ከተማ አምጣቸውና ሐኪም ቤት እናስገባቸው» አልሁት።

«እምቢ ብለዋል። ‹ከዚህ አልወጣም፤ እህቶቼ ከቻሉ ይምጡ› ነው ያሉት። ‹ሁለቱም› ብለዋል። ሁለቱም የሚለውን ደግመው ነው የነገሩኝ።»

ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ እህቴ ሄድሁ። የምትኖረው ፔዳ ከሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ጀርባ ነው። ግቢዋ ውስጥ ያሉትን ክፍሎች ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታከራያለች፤ ለሴቶች ብቻ። ኪራዩ ከሰፈሩ ይረክሳል። በዚያ ፈንታ ልጆቹ ምክሯን ይሰማሉ፤ ሲታሰብ ይህም ርካሽ አይደለም። ስደርስ ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር ተያይዘው ነበር።

«ባለቤቱን ይጥሩልኝና ልነጋገር» ይላል ሰውየው።

«እየተነጋገርህ ነው።»

«ማለቴ አባወራውን።»

«አባወራው እኔ ነኝ። ቧንቧው የሚያፈሰው አባወራ እያየ ነው?»

ሰውየው መፍቻውን እንደያዘ ቆመ። እኔም ቆምሁ። ይህን ጭቅጭቅ በተለያየ ቦታ ከተለያየ ሰው ጋር ዕድሜ ልኬን አይቼዋለሁ። ሁልጊዜ ትክክል ናት፤ ሁልጊዜም ሥራው ይዘገያል።

ሰውየው አጎንብሶ መሥራት ሲጀምር ነገርኋት።

«አባ ታመዋል። እንድንመጣ ልከዋል። ሁለታችንም።»

«ከተማ ይምጣ።»

«አልወጣም ብለዋል።»

«እኔስ የት ድረስ ነው የምሄደው? ሾላው ድረስ?»

ሾላው ከጀልባው መውረጃ ትንሽ ከፍ ብሎ የቆመ ትልቅ ዛፍ ነው። ሴት ከእሱ አታልፍም። ከሥሩ ድንጋይ ተደርድሯል፤ እናት ልጇን፣ እህት ወንድሟን የምትጠብቀው እዚያ ተቀምጣ ነው። መነኩሴው ይወርዳል፣ ያሳልማል፣ ያወራል፣ ይመለሳል። እኔ በየዓመቱ እሄድ ነበር። እህቴ አንድም ቀን አልሄደችም።

«ሾላው ድረስ» አልኋት።

«እሱ መነሣት ካልቻለ እዚያ ሄጄ ምን አደርጋለሁ? ዛፉን ልሳለም?»

እውነት ነበራት። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ተሳስታ ቢሆን እቆጣት ነበር።

ስለ እህቴ ሕይወት ብዙ ተወርቷል፤ እኔ ያየሁትን ብቻ ልጻፍ። አባታችን ሐይቁ ዳር ባለ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ። እሷ የመጀመሪያ ልጅ፣ ወንድማችን ሁለተኛ፣ እኔ የመጨረሻ ነኝ። ተማሪ ሳለች ፀጉሯን አጎፍራ፣ ወረቀት በቀሚሷ ሸሽጋ፣ ሰልፍ ላይ ከፊት መሄድ ጀመረች። አባታችን ከቅዳሴ ወጥተው ሲመጡ ሰው ስለ እሷ ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ዝም ይላሉ። ከዚያ ታሰረች። ከታሰረችበት የወጡም አሉ፤ ያልወጡም አሉ። እሷ ወጣች። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ የራሷ ነው።

ከወጣች በኋላ አስተማሪ ሆና ወደ ደራ ገጠር ተመደበች። እዚያ ልጃገረዶቹ ከሦስተኛ ክፍል አያልፉም፤ ይዳራሉ። የሙሽራውን አጃቢዎች መንገድ ላይ ቆማ ትጠብቃቸዋለች። ድንጋይ ወርውረውባታል፤ ግንባሯ ላይ ምልክቱ አለ። አንዳንዱን ጋብቻ አስቀርታለች፤ አንዳንዱን አላስቀረችም። ቆይቶ የሴቶች ማኅበር አቋቋመችና ከዚህ ከተማ እስከ ገጠር ሴት ሰበሰበች። መንግሥት ሲወዳት መድረክ ይሰጣታል፤ ሲጠላት ይነሣታል። እሷ በሁለቱም ጊዜ ያንኑ ነው የምትናገረው።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ፋብሪካ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆንሁ። የማኅበሯን ማመልከቻ ሁሉ በምሳ ሰዓቴ የምመታው እኔ ነበርሁ። መትቼ ስጨርስ «እንጠይቃለን» የሚለውን ትሰርዝና «እናሳስባለን» ብላ ትጽፍበታለች። እንደገና እመታለሁ። ምሳዬን ሳልበላ የመታሁላት ወረቀት ቢቆለል ቤቴን ይሞላል። አንድም ቀን አላመሰገነችኝም። ሥራው የእሷ ሳይሆን የሴቶች ሁሉ ስለሆነ እንደማይመሰገንበት ገልጻልኛለች።

ስለ ደሴቶቹም አንድ ጊዜ ማመልከቻ እንጻፍ ብላ ሴቶቹን ሰብስባ ነበር። ከቀበሌ ሊቀመንበር ጋር አንገት ለአንገት የተያያዙ፣ ማንንም የማይፈሩ ሴቶች ናቸው። አንዲት ጠላ ሻጭ ተነሥታ፣ «እትዬ፣ የምንገባበት ቦታ ሁሉ ሥራ ነው። አንድ የማንገባበት ቦታ ቢኖር ምን አለበት?» አለቻት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማመልከቻው ቀረ። እህቴ አብራ አልሳቀችም።

ግን ወደ ሾላው የማትሄደው በዚህ ብቻ አይደለም። ከዚህ የከበደው የወንድማችን ስለት ነው።

እሷ በታሰረች ጊዜ ወንድማችን የቅኔ ተማሪ ነበር። ትምህርቱን አቋርጦ መጣና ስንቅ ማመላለስ ጀመረ። አባታችን ታመው ነበር፤ እናታችን ወደ እስር ቤቱ ለመቅረብ አልቻለችም፤ እኔ ትንሽ ነኝ። እሱ ምሳ ዕቃውን ይዞ ከበሩ ፊት ይቆማል። አንዳንድ ቀን ይቀበሉታል፤ አንዳንድ ቀን እስኪመሽ አቁመው ይመልሱታል። ዝናብ ሲመታው ውሎ ሲገባ እናታችን ልብሱን እሳት ዳር ታሰጣዋለች። እናቴ ፈራች። ይኸኛውም ሳይታሰርብኝ ትዳር ይዞ ይቀመጥልኝ ብላ ከአንበሳሜ በኩል ልጅ አጨችለት። ሠርጉ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው እህቴን ፈቷት። ቤታችን ያን ዕለት እልል አለ። በማግሥቱ ወንድሜ አባታችን ፊት ቆሞ፣ «እህቴ በሕይወት ከወጣች እመነኩሳለሁ ብዬ ተስያለሁ» አለ። በስለት ላይ ማን ይከራከራል? ሠርጉ ፈረሰ፤ እሱም ሄደ።

እህቴ ይህን ስትሰማ የተናገረችውን ይኸው እስከ አሁን ትናገረዋለች።

«ማን ጠየቀው? እኔን ሳይጠይቅ ስለ እኔ ተሳለ። ሴትን ሳይጠይቁ ስለ ሴት መወሰን ለዚህ አገር አዲስ ነገር ነው?»

«ወንድምሽ እኮ ናቸው፤ ለፍቅር ነው ያደረጉት» እላታለሁ።

«ዕድሜውን ከፍሎ አስፈታት ተብዬ እንድኖር ነው ያደረገው። እኔ በማንም ዕድሜ አልኖርም።»

ገዳሙ ለጉዳይ ሲልካቸው አባ ወደ ከተማ ይመጣሉ፤ እኔ ቤት ያርፋሉ። እሷም ሰምታ ትመጣለች። «አባ» ብላ ጠርታቸው አታውቅም፤ «አንተ» ነው የምትላቸው። ስለ መሬት፣ ስለ ጾም፣ ስለ መንግሥት ይጨቃጨቃሉ፤ ስለ ስለቱ ግን አንድ ቀን አላነሡም። እኔ ስለት የሚለውን ቃል እፊታቸው ላለማንሣት እየተጠነቀቅሁ ስንት ዘመን እንደኖርሁ የሚያውቅ የለም። ሁለቱ ሲሄዱ ራሴን አሞኝ እተኛለሁ።

እንግዲህ አሁን እሳቸው መውጣት አልቻሉም፤ እሷም መሄድ አልፈለገችም። ሳምንቱን ሙሉ ተመላለስሁ። አንድ ቀን መንገድ ተዘግቷል ብዬ ቀረሁ እንጂ በየቀኑ ሄጃለሁ። አንዴ ትንሽ ይሻለው ይሆናል ትላለች። አንዴ ጉልበቴን አሞኛል ትላለች። ጉልበቷን የሚያማት ወደምትፈልገው ቦታ ስትሄድ አይደለም።

በመጨረሻ የሄድሁ ዕለት ሁለት ወጣት ሴቶች እንግዳ ሆነው መጥተው ነበር። ለሴቶች ቀን የሚሆን ነገር ሊቀርጿት ነው። ስልክ በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ተክለው፣ ነጠላዋን አስተካክለውላት፣ ጥያቄ ያወርዳሉ። ለእነሱ ጊዜ አላት። በንዴት ጥግ ላይ ተቀመጥሁ።

«እማማ፣ ለወጣት ሴቶች ምን ይመክራሉ?» አለች አንደኛዋ።

«ደጅ ቆማችሁ አትለምኑ። በሩን ግፉ፤ ካልተከፈተ ሌላ ቤት ሥሩ።»

«ዋው» አለች ልጅቷ። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እህቴ ገላመጠችኝ።

«በእስር ቤት ያንን ሁሉ ሲያልፉ ግን ብርታት የሆነዎት ምን ነበር?»

«ዓላማ» አለች እህቴ። ይህን መልስ ድሮም አውቀዋለሁ።

«ከቤተሰብስ የሚጠይቅዎት ነበር?»

«ወንድሜ» አለች። «ስንቅ ያመጣልኝ ነበር። አንድ ቀን በመስኮት ሽንቁር አየሁት። ዝናብ ነው። ምሳ ዕቃው እንዳይርስ ጋቢውን አልብሶታል። እሱ ራሱ...»

ከወንበሯ ተነሣች።

«ይበቃል ለዛሬ» አለች እህቴ።

«እማማ፣ ገና ሁለት ጥያቄ...»

«ይበቃል አልሁ እኮ።»

በማግሥቱ ማለዳ በሬ ሲንኳኳ እሷ ናት። ከዘራዋን ይዛ፣ የሸራ ጫማዋን ተጫምታ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። «ፀሐይ እስኪወጣ?»

ሳምንት ሙሉ የለመንኋት እኔ፣ ያዘገየሁት እኔ ሆንሁ።

ሐይቁ በዚያ ወር እምቦጭ ለብሷል። ጀልባው ከዳር ሳይርቅ ሞተሩ በአረሙ ተጠመጠመ። ጀልባ ነጂው ጎንበስ ብሎ በእጁ ይቦጭቃል፣ ያወራልም።

«እማሆይ፣ አይፍሩ፤ አሁን ይለቃል።»

«እማሆይ አይደለሁም» አለች እህቴ።

«ነጭ ለብሰዋል ብዬ ነው።»

«ነጭ የለበሰ ሁሉ መነኩሴ ነው? ወንድምየው መነኩሴ ስለሆነ እህትየዋም መሆን አለባት?»

«ታዲያ ምን ልበልዎት?»

«ሥራህን ሥራ።»

«እሺ እማሆይ» አለ፤ ወደ እኔ ዞሮ ጥርሱን አሳየኝ። እኔ ወደ ውሃው አየሁ።

ስንደርስ ከሾላው ሥር አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ተቀምጠው ነበር። ተነሥተው አሳለሙኝ። እህቴ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠች እንጂ መስቀል አልተሳለመችም። ጀልባ ነጂው ሊነግርልን ወደ ላይ ወጣ። ቆይቶ እያለከለከ ወረደ።

«አባ መውረድ አልችልም ብለዋል። እዚህ ድረስ መምጣታችሁ ይበቃኛል፤ እንደተያየን ይቆጠር ብለዋል።»

«ማን ከማን ጋር ነው የተያየው?» አለች እህቴ።

«እንደዚያ ነው ያሉት።»

«ሂድና ‹እኔ አላየሁህም› በለው።»

ሄደ። ተመለሰ። አሁን እየሳቀ ነው።

«‹ካላየሁ አላምንም የምትለው ከልጅነቷ ነው› ብለዋል።»

«መሳቅ ከቻለ መውረድም ይችላል። በቃሬዛ አውርዱት።»

ሽማግሌው መነኩሴ ጭንቅ ብሏቸው፣ «እናቴ፣ ወንድሞች ሁሉ ደካሞች ናቸው፤ ቁልቁለቱ ድንጋይ ነው፤ እሳቸውም ለሰው ሸክም አልሆንም ብለው እንጂ...» አሏት።

«እንግዲያው እኔ እወጣለሁ።»

ከዘራዋን ተመርኩዛ ተነሣች። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ከፊቷ ቆሙ። የነጠላዋን ጫፍ ያዝሁ።

«እትዬ!» ብዬ ጮህሁባት። በሕይወቴ ጮኼባት አላውቅም ነበር። «ሰውየውን ልታይ ነው የመጣሽው ወይስ ሾላውን ልታሸንፊ?»

አየችኝ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። በመጨረሻ ጀልባ ነጂው፣ «እኔ ፖስታ ቤት አይደለሁም፤ ጉልበቴ አልቋል። የመጨረሻውን ንገሩኝና አንድ ጊዜ ልውጣ» አለ።

«‹ደጅህ ቆሜያለሁ› በለው» አለች እህቴ።



በዚህ ጊዜ ጀልባ ነጂው ብቻውን አልወረደም። እሱና እህል ሊያወርዱ የመጡ ሁለት ሰዎች ከአንድ መነኩሴ ጋር ቃሬዛውን ይዘው፣ እየተሰናከሉ፣ እየቆሙ ወረዱ። ከሾላው ወዲያ ባለው በኩል አሳረፏቸው። እኛ ወዲህ ነን። መሃላችን የዛፉ ሥር ነው።

አባ በጣም ከስተዋል። ዓይናቸው ግን ያው ነው።

«መጣሽ» አሏት።

«መጣሁ።»

«ከሳሽ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ሥራዬ ነው።»

ጀልባ ነጂው ሳቀ። እህቴ አልሳቀችም። ሰዎቹን ራቅ እንዲሉ በከዘራዋ አመለከተች፤ እሺ አሏት። ሽማግሌው መነኩሴ ብቻ ቀሩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለች። «ያን ጊዜ እኔ ባልፈታ ኖሮ ምን ትሆን ነበር?»

ያ ሁሉ ዘመን የጠበቅሁት ጭቅጭቅ ሰውየው በቃሬዛ ተኝተው ሊጀመር ነው አልሁ።

«እመነኩስ ነበር» አሉ።

«ስለት ነው ብለህ እኮ ነው የሄድኸው።»

«ተስያለሁ፤ አልዋሸሁም። ግን ባልሳልም እመጣ ነበር። ከልጅነቴ ልቤ እዚህ ነበር። እማዬ ልትድረኝ ቆርጣለች፤ አባዬ ታመዋል፤ እምቢ ብዬ ማን ይሰማኛል? ስለት ግን የሚከለክል የለም። ሌላው ሰው የሚሳለው የሚወደውን ሊሰጥ ነው። እኔ የምፈልገውን ተሳልሁ። አንቺ እንደ ሸክም እንደያዝሽው አውቅ ነበር፤ አፈርሁና ሳልነግርሽ ቀረሁ።»

እህቴ ከዘራዋን በሁለት እጇ ጨበጠችው።

«ይህን ሁሉ ዘመን!» አለች። «እሷ ቤት ስንት ጊዜ አብረን ምሳ በልተን! አንድ ቃል!»

«አንድ ቃል» አሉ አባ።

እኔም ተናድጄ ነበር፤ ማንም ግን አልጠየቀኝም። በዚያ ጭንቀት የታመመው የእኔ ራስ ነው።

ከዚያ ታለቅሳለች ወይም ትሰድባቸዋለች ብዬ ስጠብቅ እህቴ ሌላ ነገር ጠየቀች።

«ልጅቷስ?»

«የትኛዋ?»

«የታጨችልህ ልጅ።»

አባ ግራ ገባቸው። «እሷን እንኳ አላውቅም። ለሌላ ሳይድሯት አልቀሩም።»

«አልቀሩም! ሙሽራው ጠፍቶባት ሰው ምን እንዳላት አልጠየቅህም?»

«አልጠየቅሁም።»

«አንተ የነፍሴን መንገድ አገኘሁ ብለህ ገባህ። እሷን ለማን ተውሃት?»

«እትዬ፣ አሁን ይህ ጊዜው ነው?» አልሁ።

«መቼ ነው ጊዜው? ነገ?»

አባ ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። ሽማግሌው መነኩሴ ውሃ አጠጧቸው። ሳሉ ሲለቃቸው፣ «ይቅር በይኝ» አሏት።

«እኔን ምን አድርገኸኛል? እኔን ዛሬ ገላግለኸኛል። ይቅርታ የምትጠይቀው እሷን ነው።»

«በየትኛው እግሬ?»

«እኔ እጠይቅልሃለሁ» አለች።

ፀሐዩ ሲበረታ ሰዎቹ ሊያነሷቸው ተጠጉ። አባ መስቀላቸውን በሾላው ሥር ላይ ዘረጉ። እኔ ተሳለምሁ። እህቴ መስቀሉን የያዘውን እጃቸውን ያዘች፤ ሳትለቅም ቆየች። ሽማግሌው መነኩሴ ወደ ሐይቁ ዞሩ።

ስንመለስ ጀልባው ላይ ወደ ኋላ ሾላውን ስታይ ቆየች። ከተማው ሲታየን ዞር ብላ፣ «የልጅቷን ስም ታስታውሻለሽ?» አለችኝ። እናታችን ልትጠይቅ ስትሄድ አብሬ ሄጄ ስለነበር አስታውስ ነበር። ነገርኋት። ባልነገርኋት ኖሮ ያ ወር በሰላም ያልፍልኝ ነበር። በየቀኑ ትደውላለች። የአባቷ ስም ማን ነበር? ቤቱ ከገበያው በየት በኩል ነው? ዛሬ በሕይወት ካለች አያት የሆነችን ሴት «ልጅቷ» እያለች አንበሳሜ ድረስ ሰው ታስጠይቃለች። አንበሳሜ ያለችው በደራ፣ ድሮ በሠራችበት አገር ነው፤ ያስተማረቻቸው፣ ከጋብቻ ያስቀረቻቸው ሴቶች አሉ፤ ሁሉንም አስነሣች። ተይ ስላት፣ «ቃል ሰጥቻለሁ» ትለኛለች። አባን ደግማ ለማየት ሄዳ እንደሆነ ስጠይቃት ግን መንገዱ ይዘጋል፣ ጀልባው አይመችም ትላለች።

አባ ዐረፉ። ጀልባ ነጂው ሲደውልልኝ ብዙ አላወራም። ቀብሩ እዚያው ላይ ነው፤ ሴት አትደርስም። እኔ ቤት ለቅሶ ተቀመጥን። ጎረቤቱ፣ የእድሩ ሰው፣ የማኅበሯ አሮጊቶች ሁሉ መጡ። እህቴ ቀርታለች። ስልኳ አይነሣም። የገዛ ወንድሟ ለቅሶ ላይ ያልተገኘች መሪ እያልሁ በልቤ ስሰድባት ውዬ፣ ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተከፈተና ከአንዲት ሴት ጋር ገባች። ሴትዮዋ ረጅም ናት፤ መቀነቷን አጥብቃ ታጥቃለች፤ እግሯ አቧራ ለብሷል።

«ዘመድ ናቸው?» አለችኝ ጎረቤቴ በሹክሹክታ።

«ሊሆኑ ነበር» አልሁ።

ሴትዮዋ መጀመሪያ እንደ ደንቡ አለቀሰች። ከዚያ ተቀመጠች፣ ውሃ ጠጣች፣ መናገርም ጀመረች። ይቅርታ ልትቀበል የመጣች አትመስልም።

«በእህቱ በኩል ይቅር በይኝ ብሏል፤ እሺ፣ ነፍሱን ይማር» አለች። «ግን እኔ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ዳሱ ተጥሏል። ጠላው ተጠምቋል፣ በሬው ታርዷል። ሙሽራው መነኮሰ ተባለ። አባቴ ምን አለ መሰላችሁ? ‹ድግሱ አይበላሽም› አለ። ሚስቱ የሞተችበት አንድ ጎረቤት ነበረን፤ ጢሙ የሸበተ። በዚያው ዳስ፣ በዚያው ቀሚስ ለእሱ ዳረኝ። እንግዳው ሙሽራው መለወጡን እንኳ ያላወቀ ነበር...»

የእድሩ ሰብሳቢ አንዲቷን ሴት በክርኗ ነካች። ያቺም ወደ ሴትዮዋ ጠጋ ብላ፣ «እናቴ፣ ለቅሶ ቤት ነው፤ ይህን ሌላ ቀን...» አለቻት። እኔም እንዲህ እንዲባል እፈልግ ነበር። ሬሳው ገና ትኩስ ነው፤ ሰው የወንድሜን ስም እየሰማ ነው።

እህቴ ከሴትዮዋ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። በየትኛውም ስብሰባ ሌላ ሰው እንዲህ ሲያወራ ዝም ብላ አይቻት አላውቅም። ቀና ብላ፣ «ተዉአት» አለች፤ «ትጨርስ።»

ሴትዮዋ ውሃውን ደገመችና ቀጠለች። ብዙ ነበራት። እስኪመሽም አልጨረሰችም።